ጨረታው ለሁሉም ክፍት ነው ይላል

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። በኢኮኖሚክስ ተመርቄ፣ ሲቪዬን ለማይመልሱልኝ መሥሪያ ቤቶች ስበትን ከርሜ ቤት ቁጭ ባልኩበት ሰሞን አክስቴ ደወለች። «አንተ፣ ና እስቲ ይሄን ወረቀት አንብብልኝ። የተማርከው ይሄንኑ አይደል?» አለችኝ። አይደለም፤ የጨረታ ሰነድ ማንበብ ማንም አላስተማረኝም። ግን ሄድኩ።

አክስቴ ከስድስት ሴቶች ጋር በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅታ ልብስ ትሰፋለች። መንግሥት በሰጣቸው ቆርቆሮ ሼድ ውስጥ ስምንት ማሽን አላቸው፤ ሁለቱ ሁልጊዜ እንደተበላሹ ነው። የሚኖሩባት ከተማ አስተዳደር ለጽዳትና ለጥበቃ ሠራተኞቹ 1,200 ጋዋን ሊገዛ ማስታወቂያ አውጥቷል። ማስታወቂያው የተለጠፈው ግቢው ውስጥ ያለው ሰሌዳ ላይ ነው። እነሱ ያዩት ከማኅበሩ አባላት አንዷ ለመታወቂያ ጉዳይ ስትሄድ በአጋጣሚ ነው። የቀረው ጊዜ ስድስት ቀን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ጨረታ ተወዳድራችሁ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ሰነዱን የማይመለስ ገንዘብ ከፍላችሁ ትገዛላችሁ። ንግድ ፈቃድ፣ ቲን፣ የግብር ክሊራንስ፣ የአቅራቢነት ምዝገባ ታያይዛላችሁ። የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ ባንክ ሄዳችሁ ታሠራላችሁ። ዋናውንና ኮፒውን ለይታችሁ፣ በሰም በታሸገ ፖስታ፣ በተባለው ሰዓት ሳጥን ውስጥ ትከታላችሁ። አንድ ደቂቃ ካረፈደባችሁ ሳጥኑ ታሽጓል። ከማስታወቂያው መጨረሻ ደግሞ ያቺ የማትቀረው ዓረፍተ ነገር አለች፤ መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው። የእናንተ መብት የትኛው ገጽ ላይ እንደተጠበቀ ፈልጋችሁ ድረሱበት።

ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ሲፒኦ ግዴታ እንዳልሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥ መመሪያ፣ በሕግ የተደራጁ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት በሲፒኦ ፈንታ ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ እንደሚችሉ ይናገር ነበር። ሰነዱም በነጻ ይሰጣቸው ነበር። ክልሎችና ከተሞች የራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው፤ ግን ብዙው ነገር ከፌዴራሉ የተቀዳ ነው። እኛም ደብዳቤውን ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አጽፈን ይዘን ሄድን።

የግዥ ሠራተኛው ወረቀቱን አየት አድርጎ መለሰልን። «ማዘር፣ ይሄ እዚህ አይሠራም። ሲፒኦ አምጡ።»

መመሪያውን ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳየሁት። ፒዲኤፉን አላየውም። «ወንድሜ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው» አለኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። ተመልሰን ከዕቁብ 14,000 ብር ተበደርንና ሲፒኦ አሠራን። ዕቁቡ ደርሷት የነበረችው ሴትዮ ለልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ያሰበችው ገንዘብ ነው።

ፖስታው ሲከፈት እኔም ነበርኩ። ዋጋ ሲነበብ የእኛ 620 ብር ሆነ፤ ከሁሉም ዝቅተኛ። አክስቴ እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። ቀጥሎ ያለው 790 ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ፤ የዋጋ ማቅረቢያው ኮፒ ገጽ ሁለት ላይ ማህተም ስላላደረግን ከውድድር ውጭ ሆነናል። ዋናው ላይ ሁሉም ገጽ ተመትቷል። ኮፒው ላይ ግን አንድ ገጽ ዘለልን። የዘለልኩት እኔ ነኝ፤ ማህተሙን የመታሁት በእጄ ነው። ይሄን እስከዛሬ ለአክስቴ በደንብ አልነገርኳትም።

ያሸነፈው ባለ 790 ብሩ ነጋዴ ነው። አንድም የስፌት ማሽን የለውም። በወሩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጣቃውን በአይሱዙ ጭኖ ወደነአክስቴ ሼድ መጣ። «እህቶቼ፣ አንዱን ጋዋን በ90 ብር ትሰፉልኛላችሁ?» አላቸው። ሰፉለት። የከተማዋ ጽዳት ሠራተኞች የለበሱት ጋዋን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የነአክስቴ እጅ ሥራ ነው። «ጥራታቸው አያስተማምንም» የተባሉት እጆች ማለቴ ነው። በጋዋን 170 ብር ልዩነት በ1,200 ሲባዛ 204,000 ብር ይመጣል። ያ ገንዘብ የማን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ከደመወዛችሁም ከምትገዙት ካርድም ግብር ይቆረጣል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው «ሌቦች ናቸው፣ ተካፍለው ነው» ብሎ ጉዳዩን ይዘጋዋል። ሊሆን ይችላል። መተካፈል ያለበት ጨረታ ሞልቷል፤ ለትናንሽ ግዥ የሚሰበሰበው ሦስት ፕሮፎርማ ከአንድ ሱቅ በሦስት የተለያየ ማህተም እንደሚወጣ የማያውቅ ነጋዴ አላጋጠመኝም። ግን ሁሉን ነገር ሌብነት ካልነው የማይሰረቅበትን አድልዎ ሳናየው እናልፋለን። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ እሱ ነው።

የግዥ ሠራተኛውን ቦታ ይዛችሁ አስቡት። ከትልቅ ነጋዴ ገዝቶ ዕቃው ቢዘገይ ማንም «ለምን ከእሱ ገዛህ?» አይለውም። ከሰባት ሴቶች ማኅበር ገዝቶ ቢዘገይ ግን ኦዲተር ይመጣል፣ ኃላፊው ይጠራዋል፣ ደብዳቤ ይጻፍበታል። 204,000 ብር ቢያተርፍ ደግሞ ከዚያ ላይ አንድ ሳንቲም ለሱ አይደርሰውም። ስለዚህ ትልቁን ይመርጣል። ጉቦ ባይበላም፣ ሴቶቹን ባይንቅም ይመርጣል። ክላስ ውስጥ ይህን ስታቲስቲካዊ አድልዎ ብለው አስተምረውናል፤ ሰውን በራሱ ሥራ ሳይሆን በሚመደብበት ቡድን መመዘን። ኬነዝ አሮውና ኤድመንድ ፌልፕስ በአውሮፓውያኑ 1970ዎቹ መጀመሪያ የጻፉበት ነገር ነው። ፈተናው ላይ ጥሩ ነበር ያመጣሁት። ሼዱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳየው ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ በፊት ጋሪ ቤከር በ1957 ስለ አድልዎ ኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው፤ አድልዎ የሚያደርግ አሠሪ ራሱ ዋጋ ይከፍላል፣ ምክንያቱም ጎበዙን ሠራተኛ ትቶ ውዱን ይቀጥራል፤ ገበያው ውድድር ካለበት ቀስ በቀስ ከጨዋታ ይወጣል። ጥሩ። ግን የከተማ አስተዳደር ከጨዋታ አይወጣም። ተፎካካሪ የለውም። ጋዋን በ790 ስለገዛ ደንበኞቹ ወደ ሌላ ማዘጋጃ ቤት አይሄዱም። ለአድልዎው የሚከፍለው ከኪሱ አይደለም፤ የሚከፍለው ያቺው አድልዎ የተፈጸመባት ሴትዮ ናት፣ በግብሯ። ስለዚህ «ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል» የሚለው መልስ እዚህ ጋ አይሠራም። የሚያስተካክለው ሕግና የሕጉ አፈጻጸም ብቻ ነው።

ሕጉ ደግሞ አለ። ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የፌዴራል የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። ሁለቱም ስለ ግልጽነት፣ ስለ ፍትሐዊነት፣ ያለ አድልዎ ስለ መወዳደር ይናገራሉ። በ2002ቱ መመሪያ መሠረት ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ከሌላ የሀገር ውስጥ ነጋዴ ጋር ሲወዳደሩ የ3 በመቶ የዋጋ አስተያየት ይደረግላቸው ነበር። 3 በመቶ ማለት ነጋዴው 100 ብር ካለ እናንተ 103 ብትሉም ታሸንፋላችሁ ማለት ነው። መጥፎ አይደለም። ግን እነአክስቴን ልብ በሉ፤ በዋጋ አልተሸነፉም። በዋጋማ 170 ብር ቀድመው ነበር። የዋጋ አስተያየት የሚጠቅመው ፖስታው ዋጋ እስከሚወዳደርበት ጠረጴዛ ድረስ ከደረሰ ነው። እነሱን ያስቀራቸው ከጠረጴዛው በፊት ያለው ወንፊት ነው።

የወንፊቱ አንዱ ቀዳዳ ልምድ ነው። «ቢያንስ ሁለት ተመሳሳይ ሥራ የሠራ» ይላል ሰነዱ። ሥራ ለማግኘት ልምድ፣ ልምድ ለማግኘት ሥራ። እናንተም ሥራ ስታመለክቱ «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ፈልጋችሁ ያጣችሁት ነገር ነው፤ ለማኅበራትም እንደዚያው ነው። እነአክስቴ ለሁለት የግል ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም ስለሰፉ በዚያ በኩል አለፉ። ብዙዎቹ ግን እዚያው ይቀራሉ። ከዚህ የባሰው ሥራው ሲጠቀለል ነው፤ ጋዋን፣ ጫማ፣ ቆብ፣ ቦት፣ ዝናብ ልብስ በአንድ ሎት ሲሆን ሰፊ ጫማ አይሠራም፣ ጫማ ሠሪ አይሰፋም፣ ሁሉንም ማቅረብ የሚችለው ምንም የማይሠራው ነጋዴ ብቻ ነው። ሎቱን መከፋፈል ለመሥሪያ ቤቱ ጥቂት ተጨማሪ ወረቀት ነው። ለማኅበሩ ግን በር ነው።

ስለ ገንዘቡ ግን ትንሽ ልቆይበት፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። እስቲ እነአክስቴ አሸንፈው ነበር እንበል። የ744,000 ብር ውል ነው። የውል ማስከበሪያ ቢያንስ 10 በመቶ፣ ማለትም 74,400 ብር ይጠየቃሉ። ለዚህም የዋስትና ደብዳቤ ይበቃል ይል ነበር መመሪያው፤ ደብዳቤ እንዴት እንደሚስተናገድ አይተናል። ከዚያ ጨርቅ መግዛት አለ፣ በካሽ። ሠርተው ካስረከቡ በኋላ ርክክብ ኮሚቴ፣ ከዚያ ክፍያ። ክፍያው ደግሞ በጀት ዓመቱ መጨረሻ ላይ ከገባ ሐምሌና ነሐሴን ተሻግሮ ይመጣል። ነጋዴው ይህን ሁሉ ባንክ ባለው ገንዘብ ይሸከመዋል። ሴቶቹ የሚሸከሙት በዕቁብ ነው። ሕጉ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀ፣ እኩል አስተናገደ። ውጤቱ ግን እኩል አይደለም። ያው ማስታወቂያው ላይ የዘገየ ክፍያ የሚባል መስፈርት የለም፤ ግን ማን እንደሚቀር የሚወስነው እሱ ነው። አሸንፈው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ከመሸነፉ የባሰ ይጎዱ ነበር ብዬ የማስብበት ቀን አለ።

አሁን ደግሞ ኮሜንት ላይ እንደምትጣሉበት የማውቀው ጉዳይ አለ። «የአካባቢው ልጅ» ጉዳይ።

ድንጋዩ ከእኛ ቀበሌ ተፈልጦ፣ አቧራውን እኛ ስበን፣ ኮብልስቶን የማንጠፉን ሥራ ከሌላ ቦታ የመጣ ማኅበር ለምን ይወስደዋል የሚል ወጣት አለ። ይገባኛል። በሱ ቦታ ብሆን እኔም እላለሁ። በሰፈሩ የሚኖር፣ ሰፈሩ ውስጥ ግብር የሚከፍል ሰው ከሰፈሩ ሥራ እንዲጠቀም ማድረግ በየትም ሀገር ያለ ነገር ነው። ችግሩ «የሚኖር» የሚለው ቃል ቀስ ብሎ «የተወለደ» ሲሆን፣ ከዚያ ደግሞ «ከማን የተወለደ» ሲሆን ነው። ሃያ ዓመት እዚያው ከተማ ኖሮ፣ ልጅ ወልዶ፣ ግብር ከፍሎ፣ ሥራ ሲጠይቅ ስሙ ተነብቦ ዝም የሚባል ሰው አለ። ማንም በጽሑፍ አይከለክለውም። የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ይባላል፣ ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው የለም፤ ነገ ተመለስ ይባላል፣ ነገ ቀኑ አልፏል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 1 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በሀገሪቱ ውስጥ በየትኛውም ቦታ በኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራትና ለመተዳደሪያው የመረጠውን ሥራ የመሥራት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በመጠን መለየት ይቻላል፤ ትናንሾቹ ይቅደሙ ማለት። በነዋሪነትም ቢሆን ተከራክረን ልንግባባ እንችላለን። በደም ግን አይቻልም፤ እዚህ ላይ «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» እያልኩ አልሄድም።

በዚህ ላይ አንድ የውጭ ታሪክ አለ፤ ሳነበው ብዙ ነገር ያሳየኝ። አሜሪካ ውስጥ ሪችመንድ የምትባል የቨርጂኒያ ከተማ አለች። በ1983 የከተማዋ ምክር ቤት የከተማውን ግንባታ የሚወስድ ዋና ተቋራጭ ቢያንስ ከውሉ ዋጋ 30 በመቶ የሚሆነውን ለአናሳ ወገን ድርጅቶች በንዑስ ውል እንዲሰጥ ወሰነ። ምክንያት ነበራቸው። ከሕዝቡ ግማሹ ጥቁር ሆኖ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ከተሰጡት ዋና ውሎች ለአናሳ ወገን ድርጅቶች የደረሰው 0.67 በመቶ ብቻ ነበር። አንድ ተቋራጭ ከሰሰ፣ ክሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1989 ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ እቅዱን ጣለው። የሕዝቡን ብዛት ከውሉ ድርሻ ጋር ማነጻጸር አይበቃም፤ በከተማዋ የግንባታ ሥራ ውስጥ ማን ብቁ ሆኖ ሳለ እንደተገፋ በማስረጃ አላሳያችሁም አለ። በዚያ ላይ እቅዱ ሪችመንድ ውስጥ መኖራቸው እንኳ የማይታወቁ የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ሳይቀር ይዘረዝር ነበር። ከተቃወሙት ዳኞች አንዱ ተርጉድ ማርሻል ነው፤ የፍርድ ቤቱ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ።

እኔ በፍርዱ አልስማማም። 0.67 በመቶ በራሱ እየጮኸ ነው። ግን አንድ ነገር አስቀናኝ፤ ቁጥሩ መኖሩ። ማን ተወዳደረ፣ ማን ወሰደ የሚል መዝገብ ስለነበራቸው ነው እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ድረስ መከራከር የቻሉት። እኔ ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ያው መሥሪያ ቤት ሄጄ ያለፉት ሦስት ዓመታት አሸናፊዎችን ዝርዝር ጠይቄ ነበር። «ለምን ፈለግከው?» ተባልኩ። ለማወቅ አልኩ። «ደብዳቤ ይዘህ ና።» ከየት? «ከሚመለከተው አካል።» እኔ ግብር ከፋይ ነኝ ስል ሳቁ፤ በክፋት አይደለም፣ እውነት ቀልድ መስሏቸው ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ ከመንግሥት ግዥ 30 በመቶው ለወጣቶች፣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ድርጅቶች እንዲሆን ደንግጋለች። እዚያም ቢሆን ክፍያ ይዘገያል፣ በሴት ስም ወንድ ይወዳደራል፤ ኮታ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ዩክሬን ደግሞ ከ2016 ጀምሮ የመንግሥት ግዥን ፕሮዞሮ በሚባል ሥርዓት ላይ አድርጋ፣ ማን ስንት ብሎ እንደተወዳደረ፣ ማን ለምን እንደወደቀ ማንም ሰው በስልኩ እንዲያይ አድርጋለች። እኛም ጋ የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተጀምሯል፤ ጥሩ ነገር ነው፣ በማንም ላይ ሳጥን አይታሸግም። ግን ወረዳው ሰሌዳ ላይ ወረቀት እየለጠፈ ነው። ሲስተም እስኪመጣ ደግሞ መጠበቅ አያስፈልግም። ለልማት ዘመቻ ፎቶ የቴሌግራም ቻናል ያለው ወረዳ የጨረታ ማስታወቂያና ውጤት እዚያው መለጠፍ ያቅተዋል? የተወዳዳሪ ስም፣ ዋጋ፣ የወደቀበት ምክንያት። አራት መስመር ነው። ማህተም ስለጎደለ 204,000 ብር እንከፍላለን ብሎ በአደባባይ መጻፍ የሚደፍር ኮሚቴ ያለ አይመስለኝም። የተጻፈው ግቢ ውስጥ ሰሌዳ ላይ ስለሆነ ነው የተደፈረው።

ማህተሟን በተመለከተ፣ መደበኛው የጨረታ ሰነድ ራሱ በዋናውና በኮፒው መካከል ልዩነት ካለ ዋናው ይጸናል ይላል። የቁም ነገር ለውጥ የማያመጣ ትንሽ ግድፈት ማለፍ እንደሚቻልም አለበት። ይሄን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። አቤቱታ ለማቅረብ በፌዴራሉ ሕግ ሲሠራበት የቆየው ጊዜ አምስት የሥራ ቀን ነበር፤ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለቦርድ። እኔ በሦስተኛው ቀን አቤቱታውን ጽፌ፣ አስተይቤ፣ ለአክስቴ ፈርሚ ብዬ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ቆንጆ ጽፈኸዋል የኔ ጌታ» አለችኝ። አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ለምን ስላት፣ «ሼዱን የሰጡን እነሱ ናቸው። መብራት ሲቆረጥ የምንሄደው እነሱ ጋ ነው። ፈቃድ የምናድሰውም እዚያው ነው። በ14,000 ሲፒኦ ተጣልተን በምን እንኖራለን?» አለች። ሲፒኦው ተመልሷል፤ በወሩ። የዕቁቡ ሴትዮ ልጅ ግን ምዝገባ አልፎበት አንድ ሴሚስተር ቤት ተቀምጧል።

አምስት የሥራ ቀን የሚለው ሕግ ይህን አልቆጠረም። አቤት የሚባልበት ሰው፣ ሼድ የሚሰጠውና የሚከለክለው ሰው ሲሆን፣ ቀኑ አምስት ቢሆን ሃምሳ ለውጥ የለውም። አቤቱታውን የሚሰማው አካል ከከተማው አስተዳደር ውጭ ካልሆነ ማንም ማኅበር አይፈርምም። ስንት ሰው እንደ አክስቴ መሳቢያ ውስጥ የከተተው ወረቀት እንዳለው ደግሞ የትም አይመዘገብም። ከዚያ ሪፖርት ሲወጣ «በጨረታው ላይ የቀረበ ቅሬታ የለም» ይላል።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ማስታወቂያ ወጣ። አክስቴ ሰሌዳው ላይ ያለውን በስልኳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ ትንሽ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። አሁንም ጋዋን ነው። ሰነዱ 300 ብር የማይመለስ ይላል። «ሁለት ተመሳሳይ ሥራ» የነበረው «ሦስት ተመሳሳይ ሥራ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት» ሆኗል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድም የላቸውም፤ ያ 1,200 ጋዋን በነጋዴው ስም ነው የተመዘገበው። ነጋዴውን ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው ጠይቀውታል፤ «እናያለን» ብሏል።

ከፎቶው ሥር አክስቴ የድምፅ መልእክት ልካለች። «ሰኞ ትመጣለህ አይደል? ማህተሙን እኔ ነኝ የምመታው በዚህ ጊዜ» ትላለች፤ ትስቃለች። ለካ ታውቅ ነበር።